ባህር ሳያይ ያደገው አድሚራል፦ ስለ ኒሚትዝና ቤተሰቡ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ዜና ላይ 'ኒሚትዝ' የሚባል አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ሁሌ እንሰማለን። ሰውየው ማን ነበር? የጀርመን ስም ይዞ እንዴት የአሜሪካ ባህር ኃይል አዛዥ ሊሆን ቻለ? ሚስትና ልጆችስ ነበሩት? ልጁ ጦርነት ላይ ሞተ ሲባል ሰምቼ ነበር፣ እውነት ነው?»

ከመጨረሻው ልጀምር። አልሞተም። ቼስተር ጁኒየር ይባላል፤ የሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ነበር፣ ከጦርነቱ በሰላም ተመልሶ እስከ 2002 ኖሯል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንደናገር።) በዚያ ጦርነት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማለቴ ነው፣ ሁለት ወንዶች ልጆቹን ያጣው የጀርመኑ አድሚራል ዶኒትዝ ነው። ኒሚትዝ፣ ዶኒትዝ፤ ስማቸው ቤት ይመታል፣ ሁለቱም ከሰርጓጅ መርከብ የወጡ ናቸው፣ ስለዚህ ቢምታታብህ አይፈረድብህም። የሚገርመው ሁለቱ ሰዎች በስተመጨረሻ በወረቀት ተገናኝተዋል። እሱን ወደኋላ እመጣበታለሁ።

አሁን ስለ ስሙ። በዚያ ጦርነት የአሜሪካን የፓስፊክ መርከቦች ያዘዘው ቼስተር ዊልያም ኒሚትዝ የተወለደው የካቲት 24 ቀን 1885 ቴክሳስ ውስጥ ፍሬደሪክስበርግ በምትባል ከተማ ነው። ከተማዋን በ1846 የቆረቆሯት ከጀርመን የፈለሱ ሰዎች ናቸው፤ ቤት ውስጥም መንገድ ላይም ጀርመንኛ ይነገር ነበር። ባህር የሚባል ነገር በአካባቢው የለም። ኮረብታ፣ ከብት፣ አቧራ። አንድ ለየት ያለ ነገር ግን ነበር። አያቱ ቻርልስ ሄንሪ በወጣትነቱ በጀርመን የንግድ መርከብ ላይ ሠርቶ ነበርና፣ ቴክሳስ ላይ ሆቴል ሲከፍት ፊቱን የመርከብ አፍንጫ አስመስሎ ሠራው። አስበው፤ በደረቅ ምድር መሃል መርከብ የሚመስል ሆቴል!

አባቱ ልጁ ከመወለዱ በፊት ነው የሞተው፤ ልቡ ደካማ ነበር። እናቱ አና የሥጋ ነጋዴ ልጅ ናት። ቼስተር አምስት ዓመት ከሆነው በኋላ የባሏን ወንድም፣ ዋርሳዋን ዊልያምን አገባች። እኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። አጎት አባት ሆነ ማለት ነው። ቤተሰቡ ኬርቪል ወደምትባል ሌላ ከተማ ሄዶ እዚያም ሆቴል ማስተዳደር ጀመረ፤ ልጁም እንጨት ይፈልጣል፣ ምድጃ ያነዳል፣ ከፍ ሲል ደግሞ ማታ ማታ እንግዳ መቀበያው ላይ ይቀመጣል። ነገር ግን እስከመጨረሻው «አባቴ» የሚለው ዓይነት ሰው አያቱ ነበር። ሽማግሌው ጨዋታ አዋቂና ቀልደኛ ነው፤ ለልጁ የነገረውን ምክር ኒሚትዝ አርጅቶም ይደግመው ነበር። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ባህርም ሕይወትም ጨካኝ አሠሪ ናቸው፤ የምትችለውን ሁሉ ተማር፣ የምትችለውን ሁሉ አድርግ፣ ከዚያ በእጅህ ላልሆነ ነገር አትጨነቅ። ይቺን ምክር ያዝልኝ፣ ቶሎ ትመጣለች።

ባህር ኃይል የገባው ፈልጎ አይደለም። የፈለገው የእግረኛ ጦሩን አካዳሚ ዌስት ፖይንትን ነበር፤ የአካባቢው የምክር ቤት አባል ኮታዬ ሞልቷል አለው። አናፖሊስ፣ ማለትም የባህር ኃይሉ አካዳሚ፣ አንድ ቦታ አለ ተባለ። ስሙን እንኳ ሰምቶት አያውቅም ነበር። ድሃ ልጅ ነው፣ ነፃ ትምህርት ነው፣ ምን ይመርጣል? ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርስ በ1901 ገባ፣ በ1905 ከ114 ተመራቂዎች 7ኛ ሆኖ ወጣ።

ስለ ኒሚትዝ አንድ ታሪክ ብቻ ንገረኝ የሚለኝ ካለ የምመርጠው ዝነኛውን የሚድዌይ የባህር ውጊያ አይደለም። ሐምሌ 7 ቀን 1908 ሌሊት የሆነውን ነው።

ዕድሜው 23። ፊሊፒንስ ውስጥ «ዲኬተር» የምትባል አነስተኛ አጥፊ የጦር መርከብ አዛዥ ተደርጓል። ወደ ባታንጋስ ወደብ እየገባ ነው። የት እንዳለ በመሣሪያ አንግል ወስዶ ማረጋገጥ ሲገባው በግምት ሄደ፤ የባህሩ ውሃ እየሞላ ይሁን እየጎደለ ሰንጠረዡን አላየም። በቃ፣ መርከቧ ጭቃ ላይ ተቀመጠች። ወደኋላ ቢሏት፣ ሞተር ቢያስጮኹ፣ ንቅንቅ የለም። ለአንድ የመርከብ አዛዥ ከዚህ የባሰ ውርደት የለም፤ ብዙ ሰው በዚህ እንጀራው ያበቃል። ልጁ ምን አደረገ መሰለህ? የአያቱን ምክር አስታወሰና መርከቡ ላይ የሸራ አልጋ ዘርግቶ ተኛ። በማግስቱ አንዲት ትንሽ የእንፋሎት መርከብ ስታልፍ ገመድ ወርውራ አወጣቻቸው።

ሊደብቀው ይችል ነበር ይሆናል፤ አልደበቀም፣ ራሱ ሪፖርት አደረገ። ጦር ፍርድ ቤት ቀረበ። «ግዴታውን በቸልታ በመፈጸም» ተብሎ ተግሣጽ ተጻፈበት። እንግዲህ ያ ተግሣጽ ዕድገቱን አላገደውም፤ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ቆይቶ ሌተናንት ሆነ። ሰው አንድ ጊዜ ስለሳተ አይጣልም ብሎ የወሰነ አለቃ ከላዩ ነበረ ማለት ነው። እኔ የኒሚትዝን ኋላ ያለውን ሥራ ሁሉ የማነበው በዚህ ሌሊት በኩል ነው። ሌሎች ታሪክ ጸሐፊዎች ቀለል አድርገው ያልፉታል፤ እኔ ግን አልለቀውም።

ከዚያ ሰርጓጅ መርከብ ላይ ተመደበ። ያኔ ሰርጓጅ መርከብ ማንም የማይፈልገው፣ ቤንዚን የሚሸት ጠባብ ቆርቆሮ ነው። እሱ ግን ሞተሩን ወደደው፤ በተለይ ዲዝልን።

ወደ ትዳሩ እንምጣ። ማሳቹሴትስ ውስጥ መርከብ ግንባታ ሲከታተል በ1911 ከአንድ የመርከብ ደላላ ቤት ካርታ ሊጫወት ይጋበዛል። እዚያ የቤቱን ልጅ ካትሪን ፍሪማንን አየ። በሚያዝያ 1913 ተጋቡ። የጫጉላ ጊዜያቸውን ነገር ካነሳን፣ ባህር ኃይሉ በዚያው ክረምት ሙሽራውን ዲዝል ሞተር እንዲያጠና ጀርመን ላከው፤ ካትሪንም አብራ ሄደች። ባል ፋብሪካ ለፋብሪካ ሲዞር፣ ሚስት ከተማ ስታይ። ያ የአያቱ ጀርመንኛ እዚያ ጠቀመው።

ስለ ጣቱ ሳልነግርህ አላልፍም። የግራ እጁ የቀለበት ጣት ጎዶሎ ነው፤ ፎቶ ላይ ልብ ብለህ ብታይ ታገኘዋለህ። ሥራ ላይ ያለ ዲዝል ሞተር ለእንግዶች እያስጎበኘ በእጁ ሲያመለክት ጓንቱን ጥርሳም ጎማው ያዘውና ጣቱን ይዞ ገባ። እጁን ያዳነው የአናፖሊስ ቀለበቱ ነው ይባላል፤ ብረቱ ጥርሱን ገትሮት እጁን ለመንጠቅ ጊዜ ሰጠው። በነገራችን ላይ በዚያ ዘመን አንድ የሞተር ኩባንያ በዓመት 25,000 ዶላር እንክፈልህ ብሎት ነበር፤ የወር ደመወዙ ከ300 ዶላር በታች ነው። እምቢ አለ። ካትሪን ምን እንዳለች ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር!

አራት ልጆች ወለዱ። ካትሪን (ኬት የሚሏት) በ1914፣ ቼስተር ጁኒየር በ1915፣ አና (ናንሲ የሚሏት) በ1919፣ ከዚያ ረጅም ጊዜ ቆይታ የመጣችው የመጨረሻዋ ሜሪ በ1931። የባህር ኃይል ቤተሰብ ሻንጣ ላይ ነው የሚኖረው፦ ሃዋይ፣ በርክሌይ፣ የቻይና ባህር፣ ዋሽንግተን። በ1941 ኬትና ናንሲ ትልልቅ ሴቶች ናቸው፣ ጁኒየር ፊሊፒንስ ውስጥ ሰርጓጅ መርከብ ላይ ነው፣ ሜሪ ደግሞ የአሥር ዓመት ልጅ።

ታኅሣሥ 7 ቀን 1941 ጃፓን ሃዋይ ያለውን የአሜሪካ ባህር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን መታች። 2,403 አሜሪካውያን ሞቱ። ከቀናት በኋላ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፓስፊክ መርከቦችን አዛዥ አንስቶ ኒሚትዝን ሾመ። ቤት ሄዶ ለሚስቱ ነገራት። ሁልጊዜ የምትፈልገው ሥራ አይደል እንዴ አለችው። መልሱ ዝነኛ ነው፦ መርከቦቹ እኮ ባህር ታች ናቸው፤ እዚህ ማንም ማወቅ የለበትም፣ ለአንቺ ግን መናገር አለብኝ አላት። በባቡር አገር አቋርጦ ሲሄድ ማንም እንዳያውቀው ስሙን ቀይሮ ነበር፤ የተጓዘው «ሚስተር ፍሪማን» ተብሎ ነው። የሚስቱን ስም ይዞ ወደ ጦርነት የሄደ ሰው!

በፈረንጅ ገና ዕለት ፐርል ሃርበር ሲደርስ አየሩ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ታኅሣሥ 31 ቀን ሥልጣኑን የተረከበው «ግሬይሊንግ» የምትባል ሰርጓጅ መርከብ ላይ ቆሞ ነው። ለሰርጓጅ ሰው ቢመችም፣ ለሥነ ሥርዓት የሚሆን ደህና ትልቅ መርከብ መች ተረፈና!

አሁን ያንን የ1908 ሌሊት አስታውስ። ከእሱ በፊት የነበረው የኪመል መኮንኖች እዚያው አሉ። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ከሥራ እንባረራለን፣ ሙያችን አለቀ ብለው ጨርሰዋል። ኒሚትዝ ሰብስቦ ማንንም እንደማያነሳ ነገራቸው። በእናንተ ላይ እምነት አለኝ፣ ሥራችሁን ቀጥሉ። ከእነሱ አንዱ ኤድዊን ሌይተን ነው፤ የስለላ መኮንኑ፣ ማለትም «ጥቃቱን እንዴት ሳታውቅ ቀረህ» ሊባል የሚችለው የመጀመሪያው ሰው። ከአምስት ወር በኋላ ይኸው ሌይተን፣ ምድር ቤት ውስጥ የጃፓንን የምስጢር ኮድ ይፈታ ከነበረው ከሮሽፎርት ቡድን ጋር ሆኖ፣ ጃፓኖች ሚድዌይ ላይ እንደሚመጡ፣ መቼና ከየት አቅጣጫ እንደሚመጡ ነገረው። ውጊያው ሲጀመር ኒሚትዝ ፈገግ ብሎ የሳትከው በአምስት ደቂቃ፣ በአምስት ዲግሪና በአምስት ማይል ነው አለው። ሌይተን ኪመልን ተከትሎ ቢባረር ኖሮ ሚድዌይ ምን ትሆን ነበር? አላውቅም፣ ግን እንቅልፍ የሚነሳ ጥያቄ ነው።

ስለ ሚድዌይ ብዙ አልልም፤ ብዙ ተብሏል። ከሰኔ 4 እስከ 7፣ 1942፣ ጃፓን አራት አውሮፕላን ተሸካሚ አጣች፣ አሜሪካ አንድ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። «ዮርክታውን» የምትባለው መርከብ ከዚያ በፊት በነበረ ውጊያ ክፉኛ ተመትታ ወራት የሚፈጅ ጥገና ያስፈልጋታል ተብሎ ነበር። መጠገኛው ውሃ ገና ሳይደርቅ ኒሚትዝ ረጅም ቦቲ አጥልቆ ገባና ከሥር ሆኖ ቀዳዳውን አየ። በሦስት ቀን ትውጣልኝ አላቸው። ወጣች። ከአራቱ የጃፓን መርከቦች አንዷን ያሰመጡት የእሷ አብራሪዎች ናቸው።

ውጭ ሲያዩት እርጋታ ነው። የፈረስ ጫማ እየወረወረ ይጫወታል፣ ሽጉጥ ይተኩሳል፣ በእግሩ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ለካትሪን ግን በየቀኑ ይጽፍ ነበርና ደብዳቤዎቹ ሌላ ሰው ያሳያሉ። እንቅልፍ እምቢ እንዳለው ይጽፋል። በ1942 መጀመሪያ ላይ ስድስት ወር ከቆየሁ ዕድለኛ ነኝ፣ ሕዝቡ እኔ ልሰጠው ከምችለው ፈጥኖ ውጤት ይፈልጋል ብሏታል። ለማንም ያላሳየውን ፍርሃት ያወጣው ወደ እሷ ነው። እሷ በዚያን ጊዜ ካሊፎርኒያ ከትንሿ ሜሪ ጋር ናት።

ሚድዌይ ካበቃ ሳምንታት በኋላ ሳንፍራንሲስኮ አጠገብ የተሳፈረበት አውሮፕላን ውሃው ላይ ሲያርፍ ተገልብጦ ከሠራተኞቹ አንዱ ሞተ። እሱ ተረፈ። እንግዲህ ካትሪን ከባህሩ ጦርነት ይልቅ ልታጣው የተቃረበችው ደጇ ላይ ነበር። ጁኒየርስ? «ሃዶ» የምትባለውን ሰርጓጅ እያዘዘ በነሐሴ 1944 የጃፓን አጥፊ መርከብ አሰጠመ፣ የባህር ኃይል መስቀል ተሸለመ። አባትየው ልጁ የት ባህር ላይ እንዳለ ያውቃል፣ ለእናትየው ግን መንገር አይችልም። በ1943 ታራዋ በምትባል የፓስፊክ ደሴት ውጊያ ላይ ልጆቻቸው ካለቁባቸው እናቶች ደግሞ «ልጄን ገደልክብኝ» የሚል ደብዳቤ ጭምር ይደርሰው ነበር።

መስከረም 2 ቀን 1945 «ሚዙሪ» መርከብ ላይ ጃፓን እጅ ስትሰጥ ማክአርተር በተባበሩት ኃይሎች ስም ፈረመ፣ ኒሚትዝ በአሜሪካ ስም። በሁለት ብዕር ነው የፈረመው። አንዱ የራሱ አሮጌ ፓርከር፣ ሌላው አንድ ቻይናዊ ጎረቤቱ የሰጠው ስጦታ። ፓርከሩ ወደ አናፖሊስ ሙዚየም ሄደ፣ የጎረቤቱ ደግሞ ወደ ቻይና ናንጂንግ።

አሁን ዶኒትዝ። በ1946 የናዚ መሪዎች በተዳኙበት በኑረምበርግ ችሎት ከተከሰሰባቸው ነገሮች አንዱ ሰርጓጆቹ የንግድ መርከቦችን ያለማስጠንቀቂያ ማስመጣቸው ነው። ጠበቃው ለኒሚትዝ ጥያቄ ላከ፦ እናንተስ ፓስፊክ ላይ ምን አደረጋችሁ? ዝም ማለት ይችል ነበር። አሸናፊ ነው፣ ማን ይጠይቀዋል? በጽሑፍ መለሰ፦ እኛም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደዚያው አድርገናል። ዶኒትዝ በሌሎች ክሶች 10 ዓመት ተፈረደበት፤ ፍርድ ቤቱ ግን በሰርጓጅ ጦርነት ሕግ ጥሰት ቅጣት እንዳልጨመረበት በውሳኔው አስፍሯል። «ዲኬተር»ን ጭቃ ላይ አስቀምጦ ራሱ ሪፖርት ያደረገው ልጅ እዚህ ላይ ይታየኛል።

ለጠላት ያለው አክብሮት ከዚያም የቆየ ነው። በ1905 ወጣት ሳለ የሩሲያን መርከቦች ያሸነፈውን የጃፓን አድሚራል ቶጎን ቶኪዮ ላይ በአንድ ግብዣ አግኝቶት ነበር። በ1934 ቀብሩ ላይ ተገኘ። ከጦርነቱ በኋላ የቶጎ መርከብ «ሚካሳ» ዝገት ወርሷት ስትበላሽ እንድትታደስ ድምፁን አሰማ፣ ገንዘብም ረዳ፤ በ1961 ታድሳ ዛሬም ዮኮሱካ ትጎበኛለች። ይህ ማለት ግን ሰውየው ለስላሳ ነበር ማለት አይደለም። በ1943 የጃፓን መርከቦች አዛዥ ያማሞቶ የተሳፈረበትን አውሮፕላን መትተው ይጣሉት የሚለውን ትእዛዝ ያጸደቀው ራሱ ነው።

ማስታወሻ መጽሐፍ ጻፍ ተብሎ ብዙ ተለምኗል። እምቢ አለ፤ የሞቱ ባልደረቦቹን ቤተሰቦች የሚያስከፋ ነገር መጻፍ አልፈለገም። የምናዝነው እኛ ታሪክ የምንቆፍረው ነን።

ስለ ልጆቹ የቀረውን ልጨርስልህ። ኬት ዋሽንግተን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነች፤ በ1972 በአባቷ ስም የተጠራውን አውሮፕላን ተሸካሚ ጠርሙስ ሰብራ የሰየመችው እሷ ናት፣ አንተ ዜና ላይ የምትሰማውን። ጁኒየር በ1957 ጦሩን ለቆ ፐርኪን ኤልመር የተባለ ትልቅ የመሣሪያ ኩባንያ መሪ ሆነ። በ2002 በ86 ዓመቱ፣ እሱም ባለቤቱም በሕመም ከተዳከሙ በኋላ፣ በራሳቸው ውሳኔ ሕይወታቸው አብሮ አለፈ። ምናልባት አንተ የሰማኸው ወሬ ከዚህም ተቀይጦ ይሆናል። ሜሪ ደግሞ ማንም ያልጠበቀውን አደረገች፤ የካቶሊክ መነኩሲት ሆና ሲስተር ሜሪ አኳይነስ ተባለች፣ ካሊፎርኒያም ባዮሎጂ ስታስተምር ኖረች። አባቷ ቤተ ክርስቲያን አዘውታሪ አልነበረም።

ኒሚትዝ የሞተው የካቲት 20 ቀን 1966 ነው። የተቀበረው ከአራት ቀን በኋላ፣ 81 ዓመት በሚሞላው ቀን። ባለ አምስት ኮከብ አድሚራል ስለሆነ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው የአርሊንግተን መካነ መቃብር ትልቅ ሐውልት ይገባው ነበር፤ እሱ የመረጠው ግን ሳን ብሩኖ የሚገኘውን ተራ የወታደሮች መካነ መቃብር ነው። ድንጋዩ ከሌሎቹ ድንጋዮች እኩል ነው፤ ልዩነቱ የሃይማኖት ምልክት የሚቀረጽበት ቦታ ላይ አምስት ኮከብ መኖሩ ብቻ። ቀድሞ ከጓደኞቹ ጋር ተስማምቶ ነበርና አጠገቡ የጦርነቱ ባልደረቦቹ አድሚራሎቹ ስፕሩአንስ፣ ተርነርና ሎክውድ ከነሚስቶቻቸው ተቀብረዋል። ካትሪን ከእሱ በኋላ 13 ዓመት ቆይታ በ1979 ሄዳ አጠገቡ ተኛች።